ቆጠራው የቆመ ዕለት

ልጄ የሮኬት መሐንዲስ ናት። ሰው ፊት «ሮኬት ትሠራለች» ብዬ ስኩራራ፣ «ዳዲ፣ አንድ ቫልቭ ነው የምሠራው» ብላ ታሳፍረኛለች። አንድ ቅዳሜ ባሕር ማዶ፣ ኤል ሴሪቶ ከተማ ባለው ቤታችን ሆነን ሮኬት ሲተኮስ በቲቪ ስናይ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ድንገት ቀጥ አለ።

«በቃ፣ ተበላሸ!» አልኩ።

«ኖ ዳዲ፣ ሆልድ ነው።»

ሆልድ ማለት ቆጠራውን አቁሞ አንድ ነገር ማጣራት ነው፤ ሲጣራ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለዕለቱ ጨርሶ ሲሰረዝ ግን ስክረብ ይሉታል።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለትሽ ነው» አልኳት። ሮኬቱም ጥቂት ቆይቶ ወጣ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ተላከብኝ። ልጄን የሚፈልጋት ሳን ሆዜ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው። ወድጄዋለሁ፤ ግን ወግ ወግ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉኝ፣ ኮስተር ብዬ «ቤተ ዘመድ ይምከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አልኩ። ደስ ብሏቸው እጅ ነስተው ወጡ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የሰለቸ ይመስላል።

ቀጠሮው ወግ እንጂ እምቢታ አለመሆኑን ለሁለቱ ልጆች የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ልጄ እንባዋ ሞልቶ ከጓዳ ወጣች።

«ዳዲ፣ ኖ አልካቸው?»

በመስኮት ሳይ፣ መልሱን ሊሰማ የመጣው ልጅ ውጭ መኪናው ውስጥ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። ደነገጥኩ። የአባቶቼን ወግ አሁን በምን ቋንቋ ላስረዳት?

«ሆልድ ነው እንጂ! ስክረብ መቼ አልኩ?»

አፍ አፌን አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳችና በካልሲ ወደ መኪናው ሮጠች። እጇን እያወናጨፈች ስታስረዳው ቆየች፤ እሱም ቀና አለና ወደ መስኮቱ ዞሮ እጅ ነሳኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቆሙ። የቀረኝ እሺ ማለት ብቻ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ድምፅ እምቢ አለኝ። ትናንት የጫማዋን ክር ያሰርኩላት ልጅ ናት እኮ! ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ልጄ ከጓዳ በር ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች።

«ዳዲ… ሆልድ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

እንባዬና ሳቄ አንድ ላይ መጡ።

«የለም ልጄ» አልኳት። «ቆጠራው ይቀጥል።»