የየሺዓለም የቤንዚን ስልቻ

የሺዓለም ከጊዮርጊስ ወደ ሠራተኛ ሰፈር በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የመኪና ወንበር ትሰፋ ነበር። ሱቋ ጠባብ ስለሆነ ወንበሩ ውስጥ ይገባል፣ ባለመኪናው ደጅ ቆሞ ያወራል። ሴት ልጅ ታፒሴሪያ ስትሠራ ፒያሳ ከእሷ በፊት አላየችም። አዲስ ሹፌር ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ይላል። እሷም ወስፌዋን ሳታስቀምጥ «ለምሳ ወጥቷል፤ እስኪመለስ እኔ ልያዝልህ» ትለዋለች። ሰውዬው ያለቀ ወንበሩን ተሸክሞ ሲሄድ ባለሙያው ከምሳ እንዳልተመለሰ ትዝ አይለውም።

ሙያው የአባቷ ነው። አባቷ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ወስፌውን ለእሷ አወረሷት። ክሩን በንብ ሰም ሦስት ጊዜ ሳያሹ አንድ ጥልፍ አያስገቡም ነበር። በቅሎው በመኪና ሲተካ ልጃቸው ከኮርቻ ወደ ወንበር ተሻገረች እንጂ እጇ ያው የአባቷ እጅ ነው። ያን ጊዜ ቆዳ የሚነካ ሰው ስም ይወጣለት ስለነበር የባሏ እናት «ልጄን ፋቂ ወሰደችብኝ» ብለው ከሰርጓ ቀርተዋል። የሺዓለም ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ነገር ግን ሳታወራው የቀረችበት ጊዜ የለም።

ባሏ ነጋሽ አፍንጮ በር ተወልዶ ያደገ መካኒክ ነበር። ቀን ቀን የመንግሥት መኪና ይጠግናል፤ ልቡ ግን ያለው ግቢያቸው ውስጥ በቆመችው አሮጌ ፊያት ላይ ነው። ለውድድር እንድትቀል ብሎ የኋላ ወንበሯን ነቀለ፣ ምንጣፏን ገፈፈ፣ የበሯን ልብስ ሳይቀር አወለቀ። የሺዓለም ለጎረቤት «ወንበር ሰፊ አግብቶ ወንበር የሌላት ጣውንት አመጣብኝ» ትል ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ስልሳዎቹ አልቀው ሰባዎቹ የገቡበት። ቤንዚን በኩፖን ነው፣ ሰልፍ በቀበሌ ጥሪ ነው፣ መፈክሩም ታድሎ ነው። ሰው ሳይታዘዝ የሚጮኸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ መኪና ሲሮጥ ብቻ ነበር። አራዳ ነቅሎ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለው፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለው፣ በርሜል ላይ የቆመው ሁሉ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮሃል። ያን እሑድ የሚናፍቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እውነቱ ከተነገረ የሚናፍቁት መኪናውን ሳይሆን ያን ጩኸት ነው።

ነጋሽ መድኃኔ የሚባል አብሮ አደግ ነበረው። አብረው ተምረው፣ አብረው መካኒክ ሆነው፣ አብረው ይሮጡ ነበር። ሚያዝያ ላይ በተደረገው ውድድር የመድኃኔ መኪና ተገልብጣ በኋላዋ ከግንድ ጋር ተላተመች። ሰው መድኃኔ ውስጥ ሆኖ እጁን ሲያንቀሳቅስ አይቶ «ተረፈ!» እያለ አጨበጨበ። ለካ የቤንዚኑ ጋን ተቀዶ ኖሯል። እሳቱ በአንድ ትንፋሽ ተነሣ፤ ማንም ሊጠጋው አልቻለም። ነጋሽ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ሰዎች ወገቡን ይዘውት፣ ጓደኛው ብቻውን ሲያልቅ አየ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ከሰው አልተናገረም። ሲናገር ደግሞ ያለው ይህን ነው፦ «መስከረም ላይ እነዳለሁ። የመድኃኔን ዙር እጨርስለታለሁ።»

የሺዓለም አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ባሏን ታውቀዋለች፤ «ተው» የሚሉትን ነገር ካልሠራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤንዚኑስ የት ይቀመጣል?»

ጥያቄው የውድድሩ ኮሚቴም ጥያቄ ነበር። ከመድኃኔ ሞት በኋላ የቆርቆሮ ጋን ያላት መኪና ሜዳው ላይ እንዳትገባ ተከልክሏል። ቤንዚኑ በከረጢት ውስጥ ይሁን፣ ከረጢቱም በብረት ሣጥን ውስጥ ይሁን ተባለ። ነጋሽ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ የጣሊያን መጽሔት ላይ አይቶታል። ሣጥኑ ሲጨማደድ ከረጢቱ አብሮ ይጨማደዳል እንጂ አይፈነዳም። ነገር ግን የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ በዚያ ዘመን አንድ መካኒክ በስሙ ሊጠራው የሚፈራው ነገር ነው። የከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ በማጣበቅ ሞከረ። ላስቲኩ ቤንዚን ውስጥ ሰንብቶ ገንፎ ሆነ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ተቀመጠ። የሺዓለም ሥዕሉን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ እኮ ስልቻ ነው» አለች።

«ምን?»

«ስልቻ ነዋ! እህል የሚጫንበት። አህያዋ ገደል ገብታ ስልቻው ሳይቀደድ ሲወጣ አላየህም?»

ነጋሽ ሳቀ። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ የሰማችው ያን ዕለት ነው።

«ቤንዚን በስልቻ! የፒያሳ ልጆች ይሄን ከሰሙ አገር ጥዬ መሄዴ ነው።»

«ይሳቁ። አንተ ግን ስማኝ፤ የማላውቀው ሰው የሠራውን ነገር ከጀርባህ አድርገህ አትነዳም። ወይ እኔ እሰፋዋለሁ፣ ወይ ትቀራለህ።»

ነጋሽ ፊቷን አየና መሳቁን ተወ።

የለፋ የበሬ ቆዳ መረጠች። አገዳውንና ሆዱን ትታ ወፍራሙን የጀርባ ቆዳ ብቻ ቆረጠች። አባቷ እንዳስተማሯት ክሩን ሦስት ጊዜ በሰም አሸች፤ በሁለት መርፌ፣ ከዚህም ከዚያም እየወጋች፣ ጥልፉን እያጠበቀች ሰፋችው። ስፌቱ ላይ ጥፍር ማስገባት እንኳ አይቻልም ነበር። ነጋሽ ለፊያቷ ከኩፖኑ ቆጥቦ ያስቀመጠውን ቤንዚን ሞሉበትና ግቢው ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ አስቀመጡት። አንድ ሰዓት ቆየ፤ ጠብ የለም። የሺዓለም ለጎረቤቱ ሁሉ «ኑና እዩ» አለች። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር፤ እሷ ግን ረሳችው።

እኩለ ቀን ላይ ስፌቱ ማላብ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ሲመሽ ደግሞ ስልቻው እንደ ወንፊት ሆኖ፣ ጎረቤት ክብሪት እንዳይጭር እየተጠራራ፣ ነጋሽ ቤንዚኑን በጀሪካን ሲለቅም አመሸ።

በማግስቱ ስፌቱን ፈታ ክሩን በጣቷ ስታሸው ደረቅ ነበር። ቤንዚኑ ሰሙን እንዳለ በልቶታል። ሰም ውሃን ይከለክላል፤ አባቷም እድሜ ልካቸውን የተዋጉት ከዝናብ ጋር እንጂ ከቤንዚን ጋር አልነበረም። እጇ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተችው የአባቷን ሰም በማመኗ ነው። ሱቋን ዘግታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለቆዳው አልነበረም። ነጋሽ ያለ ስልቻው ካልተፈቀደለት ሌላ ማንም ያልፈተሸውን ነገር ፈልጎ፣ ኮሚቴውን ሸንግሎ እንደሚገባ ስለምታውቅ ነው።

ከሱቋ ጎን አባባ ተክለሃይማኖት የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ወንበርና ቁምሣጥን ይሠራሉ፤ ሲሠሩ ብቻቸውን ያጉረመርማሉ። ያን ዕለት ከሰል ላይ የኮላ ጣሳ ጥደው አንድ ብሩሽ ይዘው ሲታገሉ አገኘቻቸው።

«ምን ሆነብዎት፣ አባባ?»

«ይሄ ብሩሽ ነዋ! ኮላ ደርቆበት በቤንዚን ባጥበው፣ ባጥበው፣ ወይ ፍንክች! ጨርሶ ረስቼው፤ ኮላ እኮ የሚፈራው ውሃን ብቻ ነው። እርጅና መጥፎ ነው፣ ልጄ።»

የሺዓለም ባለችበት ቀረች።

«ቤንዚን አይነካውም?»

«ዓመት ቢቀመጥበት አይነካውም። ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው፤ ያንቺው ዘመድ ነው።»

ከጣሳው ላይ በጭልፋ ቀድታ ልትሄድ ስትል ምን ልታደርገው እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። አልሳቁባትም፤ ጣሳውን ከነኮላው ሰጧት። «ውለታዎን በምን እመልሰዋለሁ?» ስትል «ሂጂ ወዲያ! ጋን በጠጠር ይደገፋል» አሏትና ወደ ብሩሻቸው ተመለሱ።

ኮላው ቆዳው ላይ ሲደርቅ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቅ ነበር። ሁለት ቀን ፈተናት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ትናንት ልብስ ስታጥብ የዋለችው እጇ ደርቆ ሲሰነጠቅባት ግሊሰሪን ስትቀባ፣ ብልቃጡን ይዛ ቆመች። እጅ የሚያለሰልስ ነገር ኮላስ ለምን አያለሰልስም? ከትኩሱ ኮላ ጋር ቀላቀለችው። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ደስታዋ ከቤት አስወጥቶ በባዶ እግሯ ግቢው መሃል አቆማት።

ሁለተኛውን ስልቻ በክር ሳይሆን በጅማት ሰፋችው። ውስጡን አራት ጊዜ በኮላና በግሊሰሪን ለቀለቀችው፤ ስፌቱን ደግሞ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ዓይኗን ጨፍና ሞላችው። ቡሽራ የሚባል የሰፈሩ በያጅ የብረቱን ሣጥን ሠራ። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አልጠራችም። ስልቻው ሳምንት ሙሉ ቤንዚን ይዞ ተቀመጠ፤ ከሥሩ የተነጠፈው ነጭ ወረቀት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ነጋሽ ወረቀቱን አንሥቶ አሸተተው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያም እጇን ይዞ ሳመው። በዚያ ዘመን ባል የሚስቱን እጅ አይስምም ነበር።

የኮሚቴው ሰዎች ሣጥኑን ከፍተው ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ተሳሳቁ። አንደኛው «ጠጅ ነው እንዴ የምትሞላው?» አለ። ከዚያ በእርግጫ መቱት፣ ቆሙበት፣ ዘቅዝቀው ያዙት፤ አንዲት ጠብታ ሲያጡ ፈረሙ።

የመስከረም ውድድር ቀን ፒያሳ እንዳለች ሜዳው ላይ ወጣች። የሺዓለም ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ከቡሽራ ጎን ቆመች። ነጋሽ አራት ዙር በደህና ሄደ። በአምስተኛው፣ ነፋሱ አቧራውን ወደ ሕዝቡ ሲያመጣ፣ የፊት ጎማው ፈነዳ። ፊያቷ ሁለቴ ተገለበጠችና በኋላዋ ከአፈር ቁልሉ ጋር ተላተመች።

ያን ጊዜ የሆነውን ያዩ ሰዎች ዝምታውን አይረሱትም። ያ ሁሉ የሚጮህ ሕዝብ አፉን ያዘ። ከዚያ አንድ ሰው «እሳት!» አለ፤ እሳት ሳይኖር። የሚያዝያውን ያየ ሁሉ ሸሸ፤ የተሰቀለው ከዛፍ ዘለለ፤ ፖሊሱም ቆቡን ጥሎ ሮጠ። በዚያ የሰው ጎርፍ ላይ አንዲት ነጠላ ወደ መኪናዋ ትሮጥ ነበር።

የሺዓለም በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አስገብታ የነጋሽን ቀበቶ ፈታች፤ በብብቱ ይዛ ጎተተችው። ክንዱ ተሰብሮ ስለነበር ይጮሃል፤ እሷ አትሰማውም። ቡሽራ ሲደርስ ሳር ላይ ተኝተው፣ እሷ ላዩ ላይ ተደፍታ አገኛቸው። መኪናዋ አልነደደችም። ሣጥኑን በድጅኖ ሲከፍቱት ብረቱ እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጨማድዷል፤ ስልቻው ግን ከነቤንዚኑ ጥግ ላይ ተኮማትሮ ተቀምጧል፤ ደረቅ ነው። ሕዝቡ ተመልሶ መጥቶ ስልቻውን በትከሻው ተሸክሞ ዞረ።

ነጋሽ ያን ዙር አልጨረሰውም፤ ሌላም ውድድር አልነዳም። ክንዱ ከዳነ በኋላ ግን ታሪኩን ቸርችል ጎዳና ካለው ሻይ ቤት እስከ አምስት ኪሎ ድረስ ሲያወራው ኖረ። መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፦ «ሁሉም ሲሸሽ የሺ መጣች። እጇን ታውቀዋለቻ! ስፌቷን አምና ነው።» የሺዓለም አጠገቡ ካለች ዝም ትላለች፤ ወይም የሚሰፋ ነገር ትፈልጋለች። ያ ግቢም፣ ያ ቁልቁለትም ዛሬ የሉም፤ ወሬው ግን ከሰፈሩ ጋር አልፈረሰም።

ነጋሽ በሽምግልናው ካረፈ በኋላ፣ በአርባው ማግስት፣ ልጃቸው ዘርፌ የአባቷን ወሬ እንደ አባቷ አድርጋ ለእንግዶች ስታወራ እናቷ አቋረጠቻት።

«እሱ ደስ ይለዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች የሺዓለም። «ስልቻው በዚያ ሰዓት ጭራሽ ትዝ አላለኝም። የታየኝ እሳት ነው። እንደ መድኃኔ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው የሮጥኩት።»