በሩን የሚያዩት ሴትዮ

ፓርክላንድስ ሰፈር ወዳለው ቤተ መዛግብት ሲመጡ፣ አሮጊቷ ወንበሩን አዙረው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። ናይሮቢ በፀሐይ ብትነድም የሱፍ ካፖርታቸውን አያወልቁም፤ ቦርሳቸውም ከጭናቸው አይወርድም። የሚመጡት ከሂትለር ሸሽተው ኬንያ የገቡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በተዉት ፎቶግራፍ ላይ ማን ማን እንደሆነ ለመዝጋቢው ለጓንጉል ሊነግሩት ነው። ጓንጉል ጀርመንኛውን የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ ደርግ ወንድሙን ባሰረ ሰሞን ድንበር አቋርጦ መጣ። የደርግ ጆሮ ሁርሊንግሃም ሰፈር እስካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ ይደርሳል ሲባል ሰምቶ፣ ምሳውን እዚያ መብላት ትቷል።

ዛሬ ብስክሌት የተደገፈ ወጣት ፎቶ አሳያቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ፤ በአውራ ጣታቸው ጉንጩን ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

«የምትጽፈውን ማን ያነበዋል?»

«የመጣ ሁሉ ያነበዋል፣ ማዳም።»

«እንግዲያው አላውቀውም።»

«ኧረ ማዳም! ሂትለር እኮ ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

«እሱስ ሞቷል። የጠቆመብን ጎረቤታችን መሞቱን ማን ነገረህ?»

እርሳቸው ካልተናገሩ የዚያን ልጅ ስም የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም። ጓንጉል ሊለምናቸው አፉን ሲከፍት ተነሡ።

«ለመሆኑ ያንተስ ስም ማነው? አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም።»

መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ እርሳቸውን አየ።

«ባንታየሁ» አላቸው፤ መዋሸቱ ለራሱ የታወቀው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ጎበዝ» ብለውት ወጡ።

ጓንጉል የፎቶውን መግለጫ ካርድ ሳብ አድርጎ «ያልታወቀ ሰው» ብሎ ጻፈ።