ሐሙስ የተቀዳው ጸሎታችን

የመጡት ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ነበሩ፤ የደንብ ልብስ አልለበሱም። እኔ ሱቄ ውስጥ የመዘምራን ልብስ እየሰፋሁ ነበር። አንደኛው ስሜን ጠርቶ አረጋገጠ። ሌላኛው ጣሪያው ጥግ ወዳለችው ካሜራ ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ። የሚያውቃትን ሰው እንደሚያይ ነበር ያያት። ያኔ አልገባኝም።

«ለጥቂት ጥያቄ ነው እናታችን፤ ወዲያው ይመለሳሉ» አሉኝ።

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። የተመለስኩት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

የምኖረው ወልቂጤ ነው። የወሰዱኝ ግን ወደ ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙን አልጽፍም። መንገድ ላይ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሐሙስ ሐሙስ ሱቅ ዘግታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንጸልያለን» አልኳቸው።

ክፍሉ በርዝመት አራት እርምጃ፣ በስፋት ሦስት ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ጥግ ላይ በካርቶን የተከደነ ባልዲ አለ። ሽንትና በረኪና ተቀላቅሎ ይሸታል። አንዲት ጠና ያለች ሴት ማዳበሪያ አንጥፋ ተቀምጣለች። ሻርፗን አስተካከለችና ግማሹን ማዳበሪያ ለቀቀችልኝ።

«ግቢ እህቴ፣ አትፍሪ። ሳሎኑ ይሄ ነው። መኝታ ቤቱም ይሄው ነው።»

የቡታጅራ ሰው ናት፤ በርበሬ ነጋዴ። ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

«ስለ ጸሎታችን ነው የጠየቁኝ።»

«ጸሎት ያሳስራል እንዴ?» አለች። «እኔን በስልክ አውርተሻል ብለው ነው። የጎረቤቴ ልጅ መታወቂያ የለኝም ብላኝ በስሜ ሲም አወጣሁላት። በዚያ ሲም ማን ምን እንዳወራ አላህ ይወቅ። ወላሂ ቁጥሩን እንኳ አላውቀውም።» ከዚያ አየችኝ። «ያንቺ ይሻላል። አንቺስ የተናገርሽው ነው።»

ሳቅሁ። በዚያ ክፍል በመጀመሪያው ሰዓት ያሳቀኝን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስለ ካሜራዋ መናገር አለብኝ።

ሱቄ ተሰብሮ ጨርቅ ከተሰረቀ በኋላ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣት ናት። «እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሱቅሽን በስልክሽ ታይዋለሽ» አለኝ። እሱ ይቸኩል ስለነበር ማገናኘቱን ለሞባይል ሠሪ ተውነው። በእኛ ከተማ እንዲህ ነው የሚደረገው። ስልክ የገዛ ሰው ሞባይል ሠሪ ጋ ይሄዳል። እሱ ኢሜይል ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያወጣለታል፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ይጠፋል፤ ቃሉ ሞባይል ሠሪው ጋ ይቀራል። በሌላ ነገር ጠንቃቃ ነን። የሱቃችንን ቁልፍ ለወንድማችን እንኳ አንሰጥም። ይሄን ግን ቁልፍ ነው ብሎ ያሰበ የለም።

ሲያገናኛት «እስማማለሁ» የሚል ጽሑፍ ስልኬ ላይ ደጋግሞ መጣ። ሁሉንም እሱ ነው የተጫነው፤ በእኔ ፈንታ ደጋግሞ ተስማማ። እኔ ሻይ አዝዤለት ቆሜ አየው ነበር፤ አመሰገንኩትም።

ዓይን እንዳላት አውቃለሁ፤ የተገዛችው ለዚያ ነው። ጆሮ እንዳላት ግን ማንም አልነገረኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምስት ሴቶች በሱቄ እንጸልያለን። በሩን ዘግተን፣ ነጠላ ተከናንበን፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጸልያለን። በእኛ ዘንድ «የታመሙትን አስብ» ተብሎ አይታለፍም። ስም ይጠራል፤ ሰፈር ይጠራል። ሆስፒታል የተኛ ካለ የአልጋውን ቁጥር ሳይቀር ለእግዚአብሔር እንነግረዋለን። እሱ እንደማያውቀው አይደለም። እናቶቻችን እንዲህ ስለጸለዩ ነው።

በዚያ ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ያደገ አንድ መምህር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ስለ ከተማው ውሃ ጠይቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወሰዱት። የት እንዳለ ለወላጅ እናቱ እንኳ አልተነገራትም። ከአምስታችን አንዷ ግን ታውቅ ነበር፤ ባሏ መምህሩ በተያዘበት ቦታ ዘበኛ ነው። ለእኛ አልነገረችንም፤ ለእግዚአብሔር ግን ነገረችው። «ጌታ ሆይ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮው ክፍል ያለውን፣ ደረቱን የሚያመውን ልጅህን አስበው» አለች። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማኋት።

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መርማሪው ወሰዱኝ። የታናሽ ወንድሜ እኩያ ቢሆን ነው። ሲያናግረኝ ትሑት ነበር።

«ይቀመጡ እናቴ። ውሃ ይምጣልዎት?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጠጥቻለሁ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ሱቄን ከላይ አየሁት። አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁበት ሱቅ ነው፤ ከላይ አይቼው አላውቅም። የራሴን ማጅራት አየሁ። አምስት ነጭ ነጠላዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ፊት የለም። ከዚያ ድምፁ መጣ። ከጌታዬ ጋር የተነጋገርኩት ነገር ከዚህ ሰው ስልክ ውስጥ ይጮህ ነበር። ሰው ሲናደድ ይግላል ይላሉ፤ የእኔ እጅ ይቀዘቅዛል። ያን ቀን እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ።

እሱ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ግራ ገብቶታል።

«ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ነው እንዴ የምትጮኹት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማን ማንን ይሰማል?»

«እርስ በርሳችን አይደለም እኮ የምናወራው።»

ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። «‹የጠላትን ምሽግ አፍርስ› ያለችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምሽጉ የት ነው?»

«ጠላት ያልኩት ሰይጣንን ነው።»

አልሳቀም፤ ይህንንም ጻፈው። ከዚያ ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰና ያችን ስለ መምህሩ የተጸለየችውን ቃል አሰማኝ። ከጩኸቱ መካከል «ከእህል መጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮው ክፍል» የሚለው ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፁ ግን ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል፤ የማን እንደሆነ አይለይም።

«ይቺኛዋ ማን ናት? ስሟን ብቻ። ዛሬውኑ ከልጆችዎ ጋር ምሳ ይበላሉ።»

የማትፈተን ሴት ነበርኩ ብዬ አልጽፍም። ሁለቱን ልጆቼን አሰብኩ። «አላውቅም» ማለትም ይቀለኝ ነበር። ግን ለእግዚአብሔር በተነገረ ቃል ላይ መዋሸት ከበደኝ።

«አውቃታለሁ፤ አልነግርዎትም» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» አላለኝም።

«ታናሿ ልጅሽ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ትመጣለች አይደል?»

ስልኩን ነካ ነካ አደረገና አዞረልኝ። ልጄ ብቻዋን ወለሉን እየጠረገች ትዘምራለች። ሰው የማይሰማት መስሏት፣ ግጥሙን ስትረሳ እየሳቀች።

«ድምጿ ያምራል» አለ።

ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ። ያችን ንግግር ይቅር ለማለት አሁንም እግዚአብሔርን እየለመንኩ ነው።

እንደገና ወደ ጸሎቱ መለሰው። «ለመጨረሻ ጊዜ አሰማሻለሁ። ስሟን ትነግሪኛለሽ።»

ድምፃችን ሲጀምር ተነሳሁ። ነጠላዬን ተከናነብኩ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ምን ልትሆኚ ነው? ተቀመጪ!»

«ጸሎት ተጀምሯል» አልኩት። ዓይኔን ጨፍኜ እኔም ጀመርኩ፤ ሐሙስ ሐሙስ እንደምጸልየው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ጌታ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ። ከዋናው በር ሲገባ በስተግራ ሦስተኛው ክፍል ነው ያለሁት። መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል። የጠረጴዛው አንድ እግር በድንጋይ ተደግፏል። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ስሙን አልነገረኝም፤ የእኔን ግን ያውቃል፤ የልጆቼንም ያውቃል። አንተ የእሱን ታውቃለህ።»

የስልኩን ድምፅ ጨመረ። እኔም ጨመርኩ። ሃያ ዓመት በመዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ አያሸንፈኝም። ከእኔ ድምፅ በቀር ምንም አይለይም ነበር። የጸሎት እህቴን ድምፅ ለመለየት የሚፈልግ ሰው የእኔን ብቻ ሰማ።

«ዝም በይ እልሻለሁ! ሴትዮ!»

«ጸሎቱን የከፈትከው አንተ ነህ» አልኩት። እኔም «እርስዎ» ማለቱን ተውኩት። «ዝጋውና እኔም እጨርሳለሁ።»

ዘጋው። እኔ ግን እንዳልኩት ወዲያው አልጨረስኩም። ለመምህሩ፣ ለመምህሩ እናት፣ ለልጆቼ፣ ለበርበሬ ነጋዴዋ ጸለይኩ። በረጅሙ «በኢየሱስ ስም» ብዬ ስፈጽም ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ሰው በሩን እየደበደበ «አሚን!» አለ። የቡታጅራዋ ሴት ናት።

ወደ ክፍሌ ስመለስ «ወላሂ ስሜን ስትጠሪ ሰማሁ» አለችኝ። «ደህና ነገር ነው የለመንሽልኝ?»

«እንድትፈቺ።»

«እሱን ደግመሽ ንገሪው» አለች። በማዳበሪያው ላይ ተጠጋችልኝ።

ከዚያ በኋላ መርማሪው ሁለት ጊዜ አስጠርቶ ጠይቆኛል። ቅጂውን ግን እፊቴ አልከፈተም። ስሟን አልነገርኩትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክስም ይቅርታም ሳይኖር «ለወደፊቱ ተጠንቀቂ» ተብዬ ወጣሁ። ከምን እንደምጠነቀቅ አልተነገረኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም አለን። መምህሩ ከእኔ በኋላ ተፈታ፤ የደረት ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ዘበኛው በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ። ነፍሰ ጡሯም በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። የበርበሬ ነጋዴዋም ወጥታለች፤ በርበሬዬን ከእሷ ነው የምገዛው።

በወጣሁ በሳምንቱ ወደ ሞባይል ሠሪው ሄድኩ። ካሜራዋን በፌስታል ይዣት ነበር።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? የይለፍ ቃሉን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው» አለኝ።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«እርስዎ ቢሆኑ እምቢ ይሉ ነበር?»

ይህን የጠየቀው እምቢ ያለችውን ሴት እንደሆነ አላወቀም። ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ወንድሜ ሌላ ልግዛልሽ ይላል። «የይለፍ ቃሉን አንቺ ብቻ የምታውቂው ይሆናል። አሁን እኮ ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው፤ አንቺ ብቻ ልትቀሪ?»

«ልቅር» አልኩት። የእኔ ነው ብዬ ቤቴ የማስገባው ዕቃ ለሌላ ሰው የሚያድር ከሆነ የእኔ አይደለም። የይለፍ ቃል ብለውጥ ዕቃው የሚያድርለት ጌታ አይለወጥም። ሱቄን እንደ ድሮው በብረት ቁልፍ እቆልፋለሁ። ሌባ ቢገባ ጨርቅ ይወስዳል። ጨርቅ ይተካል።

ስልኮቻችንን አሁን ጎረቤት አስቀምጠን ነው የምንገባው። ጣሪያው ጥግ ላይም ምንም የለም። የሚያናድደኝ የቀረው ነገር ነው፤ ፍርሃቱ ከካሜራዋ ጋር አብሮ አልተነቀለም። ሴቶቹ ስም መጥራት ትተዋል። «አንተ የምታውቀውን ሰው፣ አንተ በምታውቀው ቦታ» ይላሉ። በአንድ ጊዜ ሲጸልዩም ድምፃቸው የትንኝ ያህል ነው። ለእናቶቻችን ጸሎት ያስተማረ አምላክ በገዛ ቤታችን እንድናንሾካሹክ አልተወንም።

ባለፈው ሐሙስ የዚያ ዘበኛ ሚስት ልጇን አዝላ መጣች። ስሟን ሰጥቼ እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም። የጸሎት ርዕስ የመስጠት ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። እንዲጸለይለት የምትፈልገው አንድ የታሰረ ሰው ነበራት።

«ጮክ በይ» አልኳት።

«ሰው ይሰማናል እኮ።»

«ይስማ። ስሙን ጥሪው፤ ያለበትንም ንገሪ።»

ልጇን ወደ ላይ አስተካክላ አዘለችና ስሙን እስከ አባቱ ጠራችው።