ያልተነገረው ቁልፍ

የልጅ ልጄና ባሏ ለቡ እኔ ቤት ሆነው ነው የሚሠሩት። ያን ጠዋት ሁለት ቢሮዎችን ቱነል በሚሉት የኢንተርኔት መስመር ያገናኙ ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ። መስመሮቹን የሚያገጣጥመው ስዊች የሚሉት ዕቃ እንኳ የሚዳሰስ አይደለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው አሉኝ። መስመሩ እምቢ አለ። አለቃዋ ደውሎ እስከ ምሳ ካልሠራ ከሥራ እንደሚያስወጣት ነገራት።

«በእኔ ጫፍ ቁልፍ የሚባል ቁጥር ጨምሬበታለሁ» አለ ባሏ፣ ቀና ሳይል።

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ግዴታ አይደለማ። ከፈለጉ የሚጨመር ነው።»

«አንዱ ጋ ካለ፣ ሌላው ጋም ያው ቁጥር ካልገባ እንደማያልፍ ታውቃለህ።»

«ቁጥሩን ንገራት እንጂ፣ ልጄ» አልኩት።

«ትለምነኝ፣ እማማ።»

አልለመነችውም። ቢሮ ደውላ በእሱ ጫፍ ያለውን ቁልፍ እዚያ ባሉት ሰዎች አስጠፋችው፤ መስመሩም ሠራ። ምሳ ሳቀርብ ግን የራሷን በሌላ ሰሃን ይዛ ተነሣች። እኔ ቤት ሰው ከአንድ ትሪ አልበላም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ።