የነጠላው ጀርባ

ልጄ የምትሠራበት ቢሮ ጳውሎስ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው። ሥራችሁ ምንድን ነው ስላት «በሕይወት ሳይንስ ላይ እናማክራለን» አለችኝ። መድኃኒት የሚሠራውም፣ ዘር የሚያባዛውም ነገር ሲጠፋው እነሱ ዘንድ ይሄዳል አሉ። እኛ ሽሮ ሜዳ ምክር ሳይጠየቅ ነው የሚሰጠው፤ እነሱ ፎቅ ተከራይተው ይሰጡታል። ይሁን።

አምና አለቃቸው፣ ጎበዝ ሴት ናት፣ ሳይንሱን ሰው በዓይኑም ይየው ብላ ተነሳች። በሥዕል፣ በሸክላ፣ በሽመና እናሳይ አለች። ልጄ ቀበል አድርጋ «አባቴ ሸማኔ ነው» ስትል ኤግዚቢሽኑን አንቺው ምሪው አሏት። ካማረላት በዚያው ሥራ ትቀጥላለች፤ ካላማረላት ወደ ወረቀት መተየቧ ትመለሳለች። ይህን ያወራችኝ ዳቦ እየቆረሰች፣ እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። ዳቦውን አልበላችውም፤ ፈረፈረችው።

የታዘዝኩት ነጠላ ነው፣ ጥለቱ ላይ ዲኤንኤ የሚሉት ነገር ያለበት። ሥዕሉን በስልኳ አሳየችኝ፤ ሁለት ክር አንዱ በሌላው ላይ እየተጠመዘዘ ይሄዳል።

«ሰው ከእናት ካባቱ የሚወርሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው» አለች።

«ይሄ ገመድ አይደል እንዴ?»

«ገመድ በለው አባዬ፣ ብቻ እንደ ሥዕሉ አድርገው።»

አደረግኩት። ሽሮ ሜዳ የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ እግሬን ከትቼ አንዱን ጫፍ እንደ ሥዕሉ አወጣሁ። ሌላውን ጫፍ ደግሞ ሸማኔ ሁሉ እንደሚያደርገው ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጌ ሠራሁት። ይሄኛው ወደ ቀኝ ካዘነበለ ያኛው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ መስታወት እንደሚያይ ሰው። ጥለት ከጥንትም እንዲሁ ነው።

ኤግዚቢሽኑ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት ወሰድኩላት። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና አንዱን ጫፍ በጣቷ ነካች።

«አባዬ፣ ይሄኛው በግራ ዞሯል።»

«አዎ፣ ጓደኛውን እያየ ነው።»

«ዲኤንኤ እኮ የሚዞረው በቀኝ ነው። ያንተም፣ የኔም፣ የጎመኑም።»

«የጎመኑም?»

«የጎመኑም!»

«እንግዲህ ጎመን ጥለት አይሠራም» አልኩ።

«ዛሬ የሚመጡት ፕሮፌሰሮች ናቸው። ገና ከበሩ አይተው ነው የሚስቁብኝ።»

አለቃዋ ልትገላግለን መጣች። «አባባ፣ አንዱን ጫፍ ብንቆርጠውስ?»

«አንድ ጫፍ ያለው ነጠላ የጠረጴዛ ልብስ ይባላል፣ የኔ እመቤት» አልኳት።

ልጄ ይሄን ጊዜ ነጠላውን ብድግ አድርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ገለበጠችው። «በጀርባው ሲታይ ቀኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ከጣሪያው ይንጠልጠል፣ መሐሉ ላይ አንዴ ይጠምዘዝ፤ የላይኛው ጫፍ በፊቱ፣ የታችኛው በጀርባው ይታይ አለች። አለቃዋ «ነጠላው ራሱም ተጠመዘዘ እኮ!» ብላ አጨበጨበች።

እኔ አላጨበጨብኩም። ጀርባው ላይ ያለው ቋጠሮና የክር ጭራ ነው፤ ሸማኔ ጀርባ ለእንግዳ አያሳይም። «ሸሚዜንም ገልብጬ ልምጣላችሁ?» አልኩ። ልጄ የነጠላውን ዘርፍ ይዛ በጣቷ ትፈትላለች፣ ልክ እንደዚያ ዳቦ።

«በቃ፣ ስቀሉት» አልኩ።

ስቀሉት አልኩ እንጂ ይታይ አላልኩም። እንግዶቹ ሲገቡ ጋቢዬን ዘርግቼ የታችኛው ጫፍ ፊት ቆምኩ። አንዷ ወጣት ስልኳን ደግና «አባት፣ እርስዎም ከኤግዚቢሽኑ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ግድግዳ ነኝ» አልኳት። ፎቶ አነሳችኝ።

ልጄ የጠራችው የሽሮ ሜዳ ጎረቤቴ፣ ዕድሜ ልኩን አጠገቤ የሸመነ ሰው፣ ገና ሲያየኝ ገባው። «ምነው እንደ ዘበኛ ተገተርክ? ጀርባው ነው አይደል? ኧረ ጉድህ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጄ ፕሮፌሰሮቹን ከሥዕል ወደ ሸክላ እያዞረች በመጨረሻ እኔ ዘንድ ደረሰች።

«አባዬ፣ ዞር በልልኝ።»

ዞር አልኩ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሷ ግን አንዱንም አልደበቀችም። «ጥለት ላይ ሁለቱ ጫፎች መተያየት አለባቸው፤ አባቴም እንደ ሙያው አስተያያቸው። ተፈጥሮ ግን ይሄን ሙያ አልተማረችም» ስትል ሰዎቹ ሳቁ። ቀና ብዬ አየሁ፤ በእሷ አልነበረም የሚስቁት፣ አብረዋት ነው። ከዚያ ሁሉም ጎንበስ ብሎ የእኔን ቋጠሮ መመርመር ያዘ። ምን አደርጋለሁ!

አንድ መነጽር ያደረጉ ፕሮፌሰር ጣታቸውን ቀስረው «ይህ ቋጠሮስ ምንን ይወክላል?» አሉ።

ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። «ክሩ ማለቁን» አልኩ።

ሥራው ጸናላት። ነጠላው አሁን ቢሮዋ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ያው እንደተጠመዘዘ። ልጠይቃት ስሄድ ወንበሬን ስቤ የታችኛው ጫፍ ፊት እቀመጣለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ ዞር በል» ትለኛለች። እኔም ዞር እላለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው።