መነጽር ያልተሠራላት ልጅ

መነጽር ሠሪውን ሰፈሩ «አራት ዓይናው» ይለዋል። ሊቅነቱን ለማድነቅ ይሁን አፍንጫው ላይ በተንጠለጠለው ወፍራም መነጽር ለመቀለድ፣ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሌንስ ሲሞርድ፣ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ጋዜጣ ማንበብ የተሳናቸውን ሽማግሌዎች ሲያስነብብ ኖሯል። ሚስቱ «ለሰው ዓይን ስትጨነቅ ፊትህ ያለውን ምሳ አታይም» ትለዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ሰሌዳው አይታየኝም ትላለች። ራሷንም ያማታል። ሁለት መነጽር ገዛሁላት፣ ወይ ፍንክች» አለ።

መነጽር ሠሪው ልጅቷን ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አስነበባት። ከላይ ያለውን ትልቁን መስመር እንኳ በስንት መከራ ለየችው። ዓይኗን በመብራት ሲያየው ግን ጥርት ያለ ነው። ጠረጠረ። በመሞከሪያው መነጽር ላይ ሁለት ሌንስ ደረበ፤ አንዱ ያጎላውን ሌላው መልሶ የሚያሳንስ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ከመስኮት መስታወት የማይሻሉ ናቸው።

«ይሄ ጠንከር ያለ ነው፤ ቀስ ብለሽ ሞክሪው» አላት።

ልጅቷ እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር ድረስ አንድም ሳትስት አነበበች።

የአባትዬው ፊት በራ። «ተመስገን። እሱን ይሥሩልን።»

መነጽር ሠሪው ሱቁን በከፈተ በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ያለ ልጅ ገጥሞት ነበር። ያኔ ወጣት ነው፤ ብልጠቱን ማሳየትም አምሮታል። በዚሁ ዘዴ ያዘውና ለአባቱ «ልጅህ እየሸወደህ ነው» ብሎ ሳቀ። ሰውዬው ቀበቶውን የፈታው ከሱቁ በር ሳይርቅ ነው። የልጁ ለቅሶ ለሳምንታት ከጆሮው አልወጣ ሲለው፣ ታካሚ የምትልክለትን የዓይን ሐኪም ሄዶ ጠየቃት።

«ልጁ አልዋሸም» አለችው። «ትልቅ ሰው ሲከፋው ከፋኝ ይላል። ልጅ ግን ቃሉ ሲጠፋው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ራሱን ይወቅረዋል፣ አንዳንዴም ዓይኑ ይጨልማል። ሕመሙ የእውነት ነው።»

ያን ልጅ ዳግመኛ አላየውም።

አሁን ሌንሶቹን አውልቆ በጨርቅ እየወለወለ፣ እንደ ዋዛ ጠየቃት። «መቼ ነው ማደብዘዝ የጀመረብሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ትምህርት ቤት ሲከፈት።»

«ከዚያ በፊትስ፣ ቤት ውስጥ ምን ነበረ?»

ልጅቷ አባቷን አየች።

«ምንም» አለ አባትዬው ፈጥኖ። ከዚያ ግን ጨመረ። «ትንሹ ወንድሟ ዐርፏል። ሦስት ዓመቱ ነበር። እሷማ ልጅ ናት፣ ረስታዋለች። እናቷ እንዳትረበሽ ብለን ስሙን አናነሳም።»

«አልረሳሁትም» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከእኔ ጋር ነበር የሚተኛው። ያን ቀን ሰውነቱ ሲያተኩስ አውቄ ነበር። ይተወዋል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

አባትዬው ደንበኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ።

«እኔም እኮ ግንባሩን ነክቼዋለሁ» አላት። «እኔም ይተወዋል ብዬ ነው መኪናዬን አስነስቼ የሄድኩት።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። ከወንበሩ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

መነጽር ሠሪው እስኪረጋጉ ጠበቀ። «መነጽር አልሠራላትም» አለ በመጨረሻ። «ዓይኗ ደህና ይመስለኛል፤ ደግሞ አልዋሸችም። ያመለጠኝ ነገር እንዳይኖር ይህቺን የጻፍኩላችሁን ወረቀት ይዛችሁ የማውቃት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እዚያው ልጆችን የምታናግር ባለሙያ አለች።»

«አእምሮዋ ተነክቷል እያሉኝ ነው?»

«የለም ወንድሜ። ብቻዋን ተሸክማው ከብዷት ነው። አንተም አብረሃት ብትገባ አይከፋም።»

ሐኪሟ የልጅቷ ዓይን ላይ ምንም አላገኘችም፤ ወደ ባለሙያዋ መራቻቸው። እናትዬው መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር፤ በአራተኛው ቀጠሮ ግን ሳትጠራ መጣች። ነገሩ በአንድ ጀምበር አልተፈታም። ሰሌዳው ሳምንት ጥርት ብሎ ይታያትና ፈተና ሲደርስ መልሶ ይደበዝዛል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ከኋላ ወንበር ሆና ማንበብ ጀመረች።

ይህን የነገረው አባትዬው ራሱ ነው፤ ለራሱ የንባብ መነጽር ሊያሠራ መጥቶ።

«ራስ ምታቱስ?» አለው መነጽር ሠሪው የፊቱን ስፋት እየለካ።

«አልፎ አልፎ ያማታል። ድሮ ክኒን ሰጥቻት እወጣ ነበር። አሁን መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ምን ሆንሽ እላታለሁ። አንዳንዴ ግን ክኒኑም ያስፈልጋል።»