ስለ እህትዎ ነው

ሰፈሩ «ስፖንጁ» ይለዋል። አሮጌ ሶፋ ሲያድስ ስለሚውል የስፖንጅ ብናኝ ከፀጉሩም ከቅንድቡም ጠፍቶ አያውቅም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ የነበረችው ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። «እትዬ» ይላታል። ከከተማው ዳር ብቻዋን ነበር የምትኖረው።

ደንበኛ እንዲደውልለት ስልክ ቁጥሩን ሱቁ በር ላይ በትልቁ ጽፎታል። የማስታወቂያ ድርጅቱም ያገኘው ከዚያው ነው። መጀመሪያ የደወለችው ልጅ አንደበቷ ማር ነበር።

«ጋሼ፣ ሶፋ ማሳደስ የፈለገ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ እርስዎን እንዲያገኝ እናደርጋለን» አለችው።

አልፈልግም አላት። እሷ ግን ጤናውን፣ ቤተሰቡን እያነሳች አጫወተችው። ቀኑን ሙሉ ከመዶሻው ድምፅ በቀር የሚያዋራው የለምና ልቡ ተከፈተ፤ ስለ እትዬም ነገራት።

ከዚያ ወዲያ ፋታ ነሱት። በየቀኑ በአዲስ ቁጥር ይደውላሉ። አንዱ ደንበኛ መስሎ ስለ ሶፋው ስፋትና ስለ ጨርቁ ቀለም ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ወደ ማስታወቂያው ገባ። ሌላው ግን ባሰ።

«ስለ እህትዎ ነው የምደውለው» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። «እትዬ ምን ሆነች?»

«አይ፣ ደህና ናቸው! ግን ወንድማቸው ትልቅ ነጋዴ ቢሆኑ ደስ አይላቸውም?»

ስፖንጁ ገና ጨርቅ ያላለበሰው ሶፋ ላይ ቁጭ አለ።

ሳምንት ሳይሞላው አንድ ከሰዓት በኋላ የማያውቀው ቁጥር ደወለ። የሴት ድምፅ ነው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ጋሼ፣ ስለ እህትዎ ነበር...»

«አንቺ ደግሞ! አፈር ብይ! እህቴን ከአፍሽ አውጪ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ደግማ ደወለች። ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ከስፖንጅ ክምር ስር ወሸቀውና ወደ ስራው ተመለሰ። እንዲያውም «ዛሬስ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው» ብሎ ደስ አለው። እያፏጨ ምስማሩን ሲመታ ዋለ።

አመሻሹ ላይ አንድ ሰው እያለከለከ ሱቁ ገባ። የእትዬ ጎረቤት ነው።

«ባለቤቴ ስትደውልልዎ ዋለች» አለው። «እትዬ ግቢ ውስጥ ወድቀው ሀኪም ቤት አስገብተናቸዋል። ስልኩን አላነሳ ቢሉን ነው ራሴ የመጣሁት።»

ሲደርሱ የእትዬ ፊት ተሸፍኗል። የጎረቤቱ ሚስት ከራስጌዋ ቆማለች።

«እስከ ቅድም ነፍስ ነበራቸው» አለችው። «‹መጣ ወይ?› ይሉኝ ነበር። መንገድ ላይ ነው አልኳቸው።» ፊታቸውን የሸፈነውን ጨርቅ አስተካከለችና፣ «ስድቡን አልነገርኳቸውም» አለች።

«እኔኮ አንቺን አልነበረም...» ብሎ ጀመረና ከየት ተነስቶ እንደሚያስረዳት ጠፋው።

የሰፈሩ ሰው «ክሰሳቸው» ይለዋል። እሱ የድርጅቱን ስም እንኳ አያውቅም። ምን በልቶ ይደር፣ ስራውን ቀጥሏል፤ የጎረቤቱን ሚስት መንገድ ላይ ሲያገኝ ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል።